የሶዶ መስመርና የፍየሉ መንኮራኩር

በ1985 ዓ.ም. ሰኔ ላይ አንድ ጢሙ የቀላ ፈረንጅ አገሩ ሊደውል አርባ ምንጭ ስልክ ቤት መጣ። የአባያን ውሃ ሊለኩ ከመጡት ባለሙያዎች አንዱ ነበር። ቁጥሩን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ለኦፕሬተሯ ለሻሺቱ ባፈና ሰጣት። እሷ ለሶዶ አቀበለች፣ ሶዶ ለአዲስ አበባ አቀበለ፣ አዲስ አበባ "ጠብቁ" አለ። ፈረንጁ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ከቦርሳው አንድ ቀጭን መጽሔት አወጣና እያነበበ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ይስቅ ጀመር። ሻሺቱ በመስታወቱ በኩል ታየዋለች። ሁለት ሰዓት ተኩል ጠብቆ መስመር ሳይገኝ ቀረ፤ ሳቁም ጠፋ፤ እጁን አወናጭፎ ወጣ። መጽሔቱን ግን ረስቶት ሄደ።

ይመለሳል ብላ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀመጠችው። አንድ ወር ጠበቀችው። አልተመለሰም።

ሻሺቱ ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ኦቾሎ በምትባል የጋሞ መንደር ተወልዳ፣ አርባ ምንጭ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ፣ አዲስ አበባ ሠልጥና ከተመለሰች ዘጠኝ ዓመቷ። ድምጿ ጥርት ያለ፣ ትዕግሥቷ ያጠረ ሴት ናት። አፏን የፈታችው በጋሞኛ ስለሆነ አማርኛው ሲፈጥን ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ የምታደርግበት ጊዜ አለ፤ ሥልጠና ላይ በዚህ ስቀውባት ስለነበር ሰው ሲያርማት ደሟ ይፈላል። የምትኖረው ሲቀላ ሰፈር፣ ከታናሽ እህቷ ከዓለምጸሐይ ጋር ነው። ዓለምጸሐይ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ ታስተምራለች።

መጽሔቱ በሥዕል የሚተረክ የእንግሊዝኛ ታሪክ ነበር። የሽፋኑ ጥግ ተቀዷል። ሻሺቱ ሐምሌ ላይ፣ ጥሪ በሌለበት አንድ ከሰዓት፣ መዝገበ ቃላቷን አጠገቧ አድርጋ ጀመረችው።

ማንቆርቆሪያ የምትመስል መንኮራኩር ውስጥ ሦስት እንስሳት አሉ። ካፒቴኗ አሮጊት ኤሊ ናት፤ አንዲት ትእዛዝ ሰጥታ እስክትጨርስ መንኮራኩሯ ሁለት ፀሐይ ታልፋለች። መካኒኩ ፍየል ነው፤ ሲጨንቀው ካርታ ይበላል፤ ስለዚህ መንገድ በጠፋቸው ቁጥር ጭራሽ ይጠፋቸዋል። መንገድ መሪዋ የሌሊት ወፍ ናት፤ ተዘቅዝቃ ተንጠልጥላ፣ የተዘቀዘቁት ሌሎቹ እንደሆኑ ትከራከራለች፤ ጠፈር ላይ ደግሞ ላይና ታች ስለሌለ የሚረታት የለም። ሥራቸው ዕቃ ማድረስ ነው። በዚህኛው ቁጥር የጫኑት ግዙፍ የነሐስ ደወል ሲሆን የሚያደርሱት አየር ወደሌለባት ዓለም ነው። አየር ከሌለ ድምፅ የለም፤ ደወሉን ማንም አይሰማውም። ሦስቱም ይህን ያውቃሉ። ግን ዕቃ ዕቃ ነው፣ መድረስ አለበት፤ ተቀባዩም መፈረም አለበት። ደርሰው ግራጫ ድንጋይ ላይ ሲያወርዱት ተቀባይ የሚባል ፍጡር የለም። ፍየሉ ደክሞት ቀንዱን ደወሉ ላይ አስደገፈ። ያኔ በነሐሱ አልፎ በቀንዱ በኩል፣ ከደወሉ ሥር አንድ ነገር ሲያስል ሰማ። ከታች "ይቀጥላል" ይላል። በቃ፣ አለቀ።

ሻሺቱ የሌሊት ወፏ ክርክር ላይ ስትደርስ ሳቋ አመለጣት። በዚያች ቅጽበት ካቢን ቁጥር ሦስት ውስጥ አንድ ሰው የአጎቱን መርዶ እየሰማ ነበር። ዞሮ አያት። ሻሺቱ የምትገባበት ጠፋት፤ ሰውየው ሲወጣ ይቅርታ ልትለው ተነሣች፤ እሱ ግን ሳያያት አለፈ። ያን ቀን መጽሔቱን ዳግም አልከፈተችም።

አንብባ የጨረሰች ቀን ማታ ቤት ስትገባ ለእህቷ ነገረቻት። ዓለምጸሐይ ሃለኮ የሚሉትን የሺፈራው ቅጠል እየቀነጠሰች እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት።

"ጠፈር ላይ አየር የለም አላልሽም?" አለቻት። "ፍየሉ በምን ይተነፍሳል?"

"ራሱ ላይ የመስታወት ቆብ አጥልቋል።"

"ታዲያ ካርታውን በየት በኩል ይበላዋል?"

"ነገሩ እንደሱ አይደለም!"

"እኔ ምን አልኩ? አንቺ ነሽ ያወራሽው። ሠላሳ አራት ዓመትሽ ነው እኮ፣ ሻሺቱ።"

መንኮራኩሯ ውስጥ ሲሆን ቆቡን እንደሚያወልቅ ትዝ ያላት በማግስቱ ሥራ ቦታ ነው፤ ያኔ ደግሞ ዓለምጸሐይ የለችም። ቀኑን ሙሉ መልሱን ጉሮሮዋ ላይ ይዛ ዋለች። ማታ ስትነግራት እህቷ፣ "የቱ ፍየል?" አለቻት።

እንዲህ ሲያስቅ የሚያድር ነገር ተገኝቶ፣ አብሮ የሚስቅ ሰው መጥፋቱ እንደ ጥርስ ሕመም ይነዘንዛት ጀመር። ለጽዳት ሠራተኛዋ ነገረች፤ ሴትየዋ አማተበች። በመጨረሻ የቀራት የሶዶው ተክለወልድ ብቻ ነበር።

ተክለወልድ የሶዶ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ነው። በአካል ተያይተው አያውቁም። አራት ዓመት ሙሉ በቀን ሃያ ሠላሳ ጊዜ "ሃሎ ሶዶ"፣ "ሃሎ አርባ ምንጭ" ሲባባሉ ኖረዋል። ድምፁ ገና ጢም ያላበቀለ ጎረምሳ ድምፅ ስለሆነ ሻሺቱ ተክሌ ትለዋለች፤ ስትናደድበትም "አንተ ልጅ!" ትለዋለች።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ዝናቡ የአዲስ አበባን መስመር ቆረጠው።

"ሃሎ ሶዶ።"

"ሶዶ ነኝ፤ አዲስ አበባ አሁንም የለም።"

"አዲስ አበባን አልፈለግሁም። ሥራ ይዘሃል?"

"መስመር ከሌለ ምን ሥራ አለኝ?"

"እንግዲያው ስማኝ" ብላ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረችለት። እያንዳንዱን ሥዕል ታወራለታለች፣ ከዚያ ንግግሩን ወደ አማርኛ ትመልሳለች። ሁለተኛው ገጽ ላይ ገና ተክለወልድ አስቆማት።

"ቆይ፣ ካፒቴኑ ሴት ነች ወንድ?"

"ሴት ነው።"

"ሴት ናት።"

"አልኩህ እኮ! ሴት! ኤሊዋ ሴት!"

"እሺ አትቆጪ። ግን ካፒቴን ናት፣ ያውም አሮጊት። ፍየሉ እንዴት አንቺ ይላታል? ባለጌ ነው እንዴ?"

ሻሺቱ መጽሔቱን አየችው። እንግሊዝኛው ለትልቁም ለትንሹም አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው። ፍየሉን አንቱ እንዲል አድርጋ እንደገና ጀመረች፤ ነገር ግን ፍየሉ ካፒቴኗን ሲሳደብ "እርስዎ ደነዝ" ማለት ስላስቸገራት ወደ አንቺ ተመለሰች፤ ተክለወልድም "አሁን ተጣሉ ማለት ነው?" አለ። ሦስተኛው ገጽ ሳያልቅ መስመሩ ተመለሰ፤ የማገናኛ ሰሌዳው አምፖሎች በሩ፤ ሁለቱም ወደ ሥራቸው ገቡ።

እንደዚህ ነው የተነበበው። አንድ ገጽ ዛሬ፣ ግማሽ ገጽ ከሳምንት በኋላ። ደስ የሚለው ቦታ ላይ ሲደርሱ ጂንካ ይጠራል። ተክለወልድ ካርታውን የበላው ማን እንደሆነ ይረሳል፤ እንደገና ከላይ ትጀምርለታለች። ሆኖም ይስቃል። ሲስቅ ማዳመጫው ውስጥ እንደ ሕፃን ነው የሚስቀው፤ ሻሺቱም ያን ሳቅ ስትሰማ ቁጣዋ ሁሉ ይወጣላታል። የደወሉ ሳል ላይ የደረሱት መስከረም ሊጠባ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው።

"ከዚያስ?" አለ ተክለወልድ።

"ይቀጥላል ይላል።"

"መቼ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ!"

"ከወር በላይ አስቀምጠሽኝ፣ ማን እንዳሳለ አታውቂም?" አለና ጥሪ ሳይኖርበት ገመዱን ነቀለው።

የሥራ ኃላፊው አቶ ገብረ ማርያም ነገሩን የደረሱበት በጥቅምት ነው። መስመሩ ላይ ገብተው ሲያዳምጡ ሁለቱ ከደወሉ ሥር ማን ሊኖር እንደሚችል እየተከራከሩ ነበር።

"ወይዘሪት ሻሺቱ" አሏት መነጽራቸውን አውልቀው፣ "ለሕዝብ አገልግሎት በተዘረጋ መስመር ላይ ፍየል ታወሪያለሽ?"

"ጥሪ አልነበረም፣ ጋሼ።"

"ጥሪ ባይኖርም ጥሪ ሊኖር ይችላል።"

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጧት። ማስጠንቀቂያው ላይ "ከሥራ ጋር ግንኙነት የሌለው የእንስሳት ወሬ" ተብሎ ተጽፎ ነበር። ሻሺቱ ስታነበው ሊያስቃት ሲል አናደዳት። ወሬ አይደለም፤ ቢያንስ ታሪክ ማለት ይችሉ ነበር።

ዓመት ሙሉ ቀጣዩን ቁጥር ፈለገች። ሊደውል የመጣን ፈረንጅ ሁሉ መጽሔቱን እያሳየች ጠየቀች። አንዱ ሳቀና ትከሻውን ነቀነቀ። አንዷ ሽፋኑን ፎቶ አነሣችና እልክልሻለሁ ብላ ሄደች፤ አልላከችም። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ለልጆቿ መስሎት ከረሜላ ሰጣት።

በ1987 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ አንድ ጠዋት ተክለወልድ "ሃሎ" እንኳን ሳይል "አገኘሁት!" አለ። ሶዶ ገበያ፣ መሬት ላይ አሮጌ መጽሐፍ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው ነው ያገኘው። "ፍየሉ ሽፋኑ ላይ አለ። ደወሉም አለ።"

ሻሺቱ ወንበሯ ላይ ተስተካክላ ተቀመጠች። አቶ ገብረ ማርያም ስብሰባ ናቸው። "ንገረኝ። ከመጀመሪያው፣ ምንም ሳታስቀር።"

ተክለወልድ ጉሮሮውን ጠረገና አነበበ። የሚያነበው ግን ጎላ ብለው የተጻፉትን ቃላት ብቻ ነበር። "'ቁም!' ይላል። ከዚያ ሥዕል አለ። ከዚያ ደግሞ 'ፍጠን!' ይላል።"

"ሥዕሉስ? ምን ዓይነት ሥዕል?"

"እንዲያው ሥዕል ነዋ። ጠቆር ያለ።"

"ፍየሉ ምን እያደረገ ነው?"

"ቆሟል።"

"የት? ከማን ጋር? ፊቱ ምን ይመስላል?"

"ፍየል ይመስላል።"

ሻሺቱ ማዳመጫውን ከራሷ ላይ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ልትፈጠፍጠው ፈልጋ፣ የመንግሥት ንብረት መሆኑ ትዝ ሲላት ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው። እሷ ከወር በላይ የኤሊዋን የዓይን ቆብ ሳይቀር አውርታለታለች። እሱ "ጠቆር ያለ" ይላታል! በሹፌር እጅ ላክልኝ ብትለው፣ ቢጠፋስ ብሎ እምቢ አለ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሲያነብላት፣ ሲጣሉ፣ ሲኳረፉ ቆዩ። በመጨረሻ ዕረፍቷ የሚውልበትን ሐሙስ ጠብቃ ልትሄድ ቆረጠችና እንደምትመጣ በስልክ ነገረችው።

"ለፍየል ብለሽ ሶዶ?" አለቻት ዓለምጸሐይ።

"ለደወሉ ነው" አለች ሻሺቱና መጽሔቷን በፌስታል ጠቅልላ ወጣች።

አውቶቡሱ ንጋት ላይ ከሲቀላ ተነሣ። የላንቴን ሙዝ እርሻዎች አልፎ ሐሬ ወንዝ ሲደርስ ደራሽ ውሃ መንገዱን ቆርጦት ነበር፤ እስኪጎድል አንድ ሰዓት ተኩል ቆሙ። ብርብር ሳይደርሱ ደግሞ ጎማ ፈነዳ። ሻሺቱ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ረዳቱ ጎማ ሲቀይር እያየች፣ ዛሬ ከደወሉ ሥር ማን እንዳለ ሳላውቅ ከተመለስኩ ዳግም ስልክ አላነሣም ብላ ለራሷ ዛተች። ሶዶ የገቡት ሰባት ሰዓት ላይ ነው።

ስልክ ቤቱ በር ላይ፣ ያንን ወጣት ድምፅ ያለውን ሰው ስትፈልግ፣ አንድ ራሱ የሸበተ፣ ጎንበስ ያለ ሰው መጣና "ሻሺቱ ነሽ?" አላት። ድምፁ የተክሌ ነው። ያደረገው መነጽር እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ ሲሆን አንደኛው ዓይኑ ላይ ነጭ ነገር ተጋርዶበታል። ዕድሜው ከአባቷ ባይበልጥ አያንስም።

ሻሺቱ አምስት ዓመት ተኩል "አንተ ልጅ" ስትለው የኖረችውን ሁሉ ባንዴ አስታውሳ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። "እንደምን ነዎት፣ ጋሼ ተክለወልድ?" አለች ዝቅ ብላ።

"አሁን ጋሼ ካልሽኝ መጽሔቱን አላሳይሽም።"

"ኧረ እንዴት ብዬ..."

"በስልክ እንዳልሽኝ በይኝ። ቤቴም መሥሪያ ቤቴም ጋሼ የሚለኝ ሞልቷል።"

ፊት ለፊት ካለች ሻይ ቤት ገቡ። ተክለወልድ በጋዜጣ የጠቀለለውን አወጣ። ሲገልጠው ገጹን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ፣ ከኪሱ ባወጣው ማጉያ መስታወት ፊደል በፊደል ሲከተል አየችው። ትልልቁን ጽሑፍ ያነበዋል፤ ሥዕሉ ላይ ሲደርስ መስታወቱን ወዲያ ወዲህ አድርጎ ይተወዋል።

"ሥዕሉ አይታይህም" አለች።

"ቀለሙና ትልቁ ቅርጽ ይታየኛል። የቀረው ይደባለቅብኛል።"

"ለምን አልነገርከኝም? ያን ያህል ስጮህብህ!"

"ኦፕሬተር ዓይኑ ደከመ ቢባል ምን ይሆናል?" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አምፖሎቹ ሲበሩ አያለሁ። ለሥራው በቂ ነው።"

ሻሺቱ መጽሔቱን ተቀበለችውና የራሷንም አውጥታ አጠገቡ ዘረጋችው። ያኔ ነው የመጀመሪያው ገጽ ግርጌ ላይ ያለችውን ደቃቃ ቁጥር ያየቻት። የእሷ ስድስት ይላል። የእሱ አምስት። ደግማ አየች። መጨረሻውን ገለጠች፤ ደወሉ ገና መንኮራኩሯ ላይ እየተጫነ ነው።

"ምን አለ?" አለ ተክለወልድ።

"ከኔ በፊት ያለው ነው።"

"ምን ማለት?"

"ገና አልሳለም ማለት ነው! ገና አልደረሱም፣ ገና አላወረዱትም! ያን ሁሉ መንገድ!" ሻይ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ዞረው አዩ። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ከንዴት ይሁን ከድካም እሷም አታውቀውም። ተክለወልድ መስታወቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና "በይ እንግዲህ" አላት፣ "ከመጣሽ አይቀር ሥዕሉን ንገሪኝ። እኔም እኮ ሦስት ሳምንት ሙሉ ምን እንደያዝኩ አላውቅም።"

ነገረችው። መጀመሪያ ተኮሳትራ፣ ቃል እየቆጠበች። ደወሉ በመንኮራኩሯ በር አልገባም ብሎ፣ ኤሊዋ ደወሉ ውስጥ መንኮራኩሯ ትግባ ብላ ስታዝ፣ ትእዛዙንም እስክትጨርስ ፍየሉ በሩን በልቶ ሲያሰፋው ሻሺቱ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ተክለወልድ ጠረጴዛውን እየመታ በዚያ በሕፃን ሳቁ ሳቀ። ሻዩ ቀዘቀዘ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ አይሱዙ ተገኘ፤ ተክለወልድ መጽሔቱን እምቢ ብትልም እጇ ላይ አስጨብጦ ጋቢና አሳፈራት።

መልሱን ግን አላገኘችም። የመጽሔቱ ጀርባ ላይ አድራሻ ስለነበር ለአሳታሚው ደብዳቤ ጻፈች፤ እንግሊዝኛውን ዓለምጸሐይ አረመችላት፣ እያጉረመረመች። በስምንተኛው ወር ደብዳቤው ራሱ ተመልሶ መጣ። ፖስታው ላይ "በዚህ አድራሻ የሚታወቅ የለም" የሚል ማኅተም ተመትቶበታል። ቁጥር ሰባት የሚባል ነገር ታትሞ ይሁን አይሁን እንኳን የሚነግራት አልተገኘም።

በ1989 ዓ.ም. ተክለወልድ ጡረታ ወጣ። ልጁ ጋ አዋሳ ገባ። በእሱ ቦታ ዘሪቱ የምትባል ቀልጣፋ ወጣት ተተካች። ሻሺቱ አንድ ሥራ ቀዝቀዝ ያለበት ቀን ልሞክራት ብላ፣ "ስለ ፍየል የሚያወራ አንድ ታሪክ ልንገርሽ?" አለቻት።

"ቁጥር ይስጡኝ" አለች ዘሪቱ።

"ቁጥር የለኝም። ታሪክ ነው።"

"ቁጥር ከሌለዎት መስመሩን ይልቀቁ።"

ሻሺቱ ለቀቀች። ያን ሳምንት አቶ ገብረ ማርያም ስለ ሥራ ሥርዓቷ አመሰገኗት፤ እሷ ግን እንደዚያ ሳምንት ከፍቷት አያውቅም።

በተከታዩ ዓመት በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ደብዳቤ ደረሳት። ተክለወልድ የዓይኑን ሞራ በቀዶ ጥገና አስወጥቷል። ያለ ማጉያ መስታወት እንደሚያነብ ጽፎ፣ ሁለቱንም መጽሔት ላኪልኝ፣ አይቼ እመልሳለሁ ይላል። ሻሺቱ ሦስት ቀን አመነታች። ከዚያ በካርቶን አሽጋ፣ በፌስታል ጠቅልላ፣ ሹፌሩን እንዳታረጥበው ብላ አስምላ ላከችለት።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ተመለሱ። አብሮ ደብዳቤ ነበር። ሰላምታው ሁለት መስመር ነው፤ የቀረው ክስ ነው።

"ዓይኔ ከበራ ወዲህ እንደዚህ ተናድጄ አላውቅም" ይላል። "ቁጥር ስድስት፣ ገጽ አሥራ አራት፣ ደወሉን ሲያወርዱ ፍየሉ ከት ብሎ እየሳቀ ነው ብለሽኝ ነበር። እኔም በስልክ አብሬ ስቄአለሁ። አሁን ሳየው ፍየሉ እያለቀሰ ነው። ዓመታት ሙሉ አንድ የሚያለቅስ ፍየል ላይ አስቀሽኝ። ሌላስ ምን ያልሆነ ነገር ነግረሽኛል?"

ሻሺቱ ደብዳቤውን ጥላ መጽሔቱን ገለጠች። ገጽ አሥራ አራት። የፍየሉ አፍ ተከፍቷል፣ ዓይኖቹ ተጨፍነዋል፣ ጉንጩ ላይ ሁለት ነጠብጣብ አለ። ከሳቅ የመጣ እንባ ነው! ይህ እንዴት አይታየውም? ወደ መስኮቱ ወስዳ በብርሃን አየችው። ከሩቅ አየችው። ስትዘቀዝቀው ደግሞ ትንሽ የሚያለቅስ መሰላትና በራሷ ተናደደች።

ዓለምጸሐይ የተማሪ ደብተር እያረመች ነበር። ሻሺቱ መጽሔቱን ደብተሮቹ ላይ ዘረጋችው።

"እውነቱን ንገሪኝ። ይህ ፍየል ምን እያደረገ ነው?"

ዓለምጸሐይ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አተኩራ አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው።

"ያዛጋል" አለች።

"ምን?"

"እያዛጋ ነው። እንቅልፉ መጥቷል። ዓይኑን አታዪውም?"

ሻሺቱ መጽሔቱን ነጥቃ ወደ ጓዳ ገባች። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ተቀመጠች። "ይድረስ ለተክሌ" ብላ ጀመረችና በንዴት አራት ገጽ ሞላች፤ አራተኛው ገጽ ላይ ያለው በሙሉ ስለ ፍየሉ ጉንጭ ነው።